የሱናሚ ድረ ገጹና የማምለጫው ካርታ፦ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ

ብዙ ጊዜ የምገመግመው ምግብ ቤት ነው። ሽሮው ቀጠነ፣ ሥጋው ጠነከረ፣ አስተናጋጁ ረሳን። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች በጋ ሲመጣ ልጆቻችንን ጭነን ወደ ውቅያኖሱ ዳር እንወርዳለን፣ ስለ ውቅያኖሱ ግን የምናውቀው ነገር ቢኖር ውሃው በረዶ መሆኑን ነው። ስለዚህ በታክሳችን የሚሠሩ ሁለት ነገሮችን ልገምግምላችሁ። አንዱ የአሜሪካ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ድረ ገጽ፣ ሱናሚ ዶት ጎቭ የሚባለው። ሁለተኛው የዋሽንግተን ስቴት ጂኦሎጂስቶች የሚያወጡት የሱናሚ ካርታ።

ዋጋ፦ ነጻ። ሁለቱም።

ከድረ ገጹ ልጀምር። ስትከፍቱት ካርታ ነው የሚመጣው። ከካርታው ጀርባ ሌት ተቀን ሰው የማይለያቸው ሁለት ማዕከሎች አሉ። አንዱ አላስካ፣ ፓልመር የሚባል ከተማ ውስጥ ነው፤ እኛን የዌስት ኮስት ሰዎችን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሌላው ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ነው። ሁለቱም የተቋቋሙት ሰው ካለቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ከአሉሺያን ደሴቶች የተነሳ ማዕበል ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ሃዋይ ደረሰና 159 ሰው ገደለ። አምስት ሰዓት ሙሉ እየመጣ ነው፣ የነገራቸው ግን የለም። የሃዋይው ማዕከል በ1949 ሥራ ጀመረ። የአላስካው ደግሞ በ1964 አላስካን ያናወጠው 9.2 የተለካ መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ በ1967 መጣ።

ድረ ገጹ ላይ ቀለሞቹን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ቀይ ከሆነ ውሃ ወደ ከተማ ሊገባ ነው፣ ወደ ከፍታ ውጡ። ብርቱካናማ ከሆነ ከባሕሩ ዳርና ከጀልባ ማቆሚያው ራቁ፣ ጅረቱ ሰው ይወስዳል። ቢጫ ከሆነ ገና እያጣራን ነው፣ ጆሯችሁን አቁሙ ማለት ነው። አረንጓዴ ከሆነ መንቀጥቀጥ ነበር፣ እናንተን አይመለከትም፣ ሥራችሁን ሥሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስልካችሁ በዚያ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ የሚጮኸው ቀይ ሲሆን ብቻ ነው። ብርቱካናማ ላይ ስልኩ ዝም ይላል። ይሄን የማያውቅ ሰው፣ ስልኬ ካልጮኸ ሰላም ነው ብሎ አሸዋው ላይ ልጁን ሲያጫውት ሊውል ይችላል።

ይህ ሥርዓት ደህና አድርጎ የተፈተነው እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2025 ነው። ሩሲያ ካምቻትካ አጠገብ መሬት ተንቀጠቀጠ፤ በሲያትል አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4:24 ላይ (በፈረንጅ ሰዓት)። መጀመሪያ 8.0 ተባለ፣ ከዚያ 8.7፣ መጨረሻ ላይ 8.8። ሰው ይሄን ሲያይ «እነዚህ ሰዎች ግምት ነው እንዴ የሚያወሩት?» ይላል። አይደለም። ትልቅ መንቀጥቀጥ በአንዴ አያልቅም፣ ስንጥቁ በመቶዎች ኪሎ ሜትር እየተቀደደ ነው የሚሄደው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልኬት ሁሌም ጎደሎ ነው። 8.0 እና 8.8 ደግሞ ለጆሮ ቅርብ ይመስላሉ እንጂ በጉልበት ሲለኩ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይራራቃሉ።

አዲስ አበባ ሲነጋ ዜናውን የሰማችው እናቴ ደወለች። እዚህ ማታ ነው፣ ማዕበሉ እኛ ጋ ገና አልደረሰም።

«አንቺ ልጅ፣ ባሕሩ ተነሳ እየተባለ አንቺ እቤት ቁጭ ብለሻል?»

«እማዬ፣ እኛ ጋ አይደርስም።»

«ማን ነገረሽ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የነገረኝ ድረ ገጹ ነው። የዋሽንግተን የውቅያኖስ ዳርቻ ብርቱካናማ ነበር፣ ሲያትል ያለችበት የውስጥ ባሕር ግን ምንም አልነበረበትም። ማዕበሉ የሚደርስበት ሰዓት ለየከተማው ተጽፏል። ከካምቻትካ እስከዚህ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም ጥልቅ ባሕር ላይ ሱናሚ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚበረው፣ የመንገደኛ አውሮፕላን በሉት። ሰዓቱን ለእማዬ አነበብኩላት፣ እሷም «እንግዲህ እመብርሃን ትጠብቃችሁ» ብላ ዘጋች። በተባለው ሰዓት ገደማ ደረሰ። ሰሜን ካሊፎርኒያ ክሬሰንት ሲቲ ላይ ውሃው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጀልባ ማቆሚያውን ጎዳ። ይቺ ከተማ መቼም አልታደለችም፤ የባሕሩ ወለል አቀማመጥ ማዕበሉን ወደሷ ይሰበስባል። በ1964 አሥራ አንድ ሰው አጥታለች፣ በ2011 ደግሞ ከጃፓን የመጣው ማዕበል ወደቧን አፈራረሰው።

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል። ድረ ገጹ ማዕበሉ የምር መነሳቱን የሚያውቀው በምን ይመስላችኋል? መንቀጥቀጥ መለኪያ ብቻውን ሱናሚ መኖሩን አይነግርም። ባሕሩ ራሱ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ነው ዳርት የሚባሉት ተንሳፋፊዎች ያሉት። የተፈለሰፉት እዚሁ ሲያትል፣ ማግኑሰን ፓርክ ጎን ባለው የኖአ፣ ማለትም የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ሙከራ ነው። አዎ፣ ክትፎና ኳስ ይዘን የምንሄድበት ፓርክ። በአጥሩ በኩል ስታልፉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማንም አይነግራችሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ወለል ላይ፣ ሺህ ሜትሮች ወደ ታች፣ የውሃውን ክብደት የሚመዝን መሣሪያ ይቀመጣል። ሱናሚ በላዩ ሲያልፍ ውሃው ትንሽ ይከብዳል። ትንሽ ስል የምር ትንሽ ነው፤ ጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ሱናሚ ይለያል። መርከብ ላይ ያለ ሰው ምንም አይሰማውም። መሣሪያው ከላይ ወዳለው ተንሳፋፊ በድምፅ ይልካል፣ ተንሳፋፊው ወደ ሳተላይት፣ ሳተላይቱ ወደ ፓልመር። በሰላሙ ጊዜ በየአሥራ አምስት ደቂቃው የለካውን ነው የሚይዘው። የሚያጠራጥር ነገር ሲያይ ግን ይነቃና በየአሥራ አምስት ሰከንዱ፣ ከዚያም በየደቂቃው የለካውን መላክ ይጀምራል።

ይሄን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የብሔራዊ የተንሳፋፊዎች መረጃ ማዕከል ገጽ ገብታችሁ ጣቢያ 46404 ብላችሁ ፈልጉ፣ ከኦሪገን ማዶ ያለው ነው። የውሃው ቁመት በሜትር ተጽፎ ታያላችሁ፤ ሁለት ሺህ ምናምን ሜትር ይልና ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ያስከትላል። ሁለት ሺህ ሜትር ውሃ በሚሊ ሜትር! መስመሩ በቀን ሁለቴ ከፍ፣ ሁለቴ ዝቅ ይላል፣ እሱ የጨረቃ ሥራ ነው። ሱናሚ ሲመጣ በዚያ ለስላሳ መስመር ላይ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ነገር ይወጣል። የሥራ እረፍት ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ሰው የሚሸጠውን መኪና ፎቶ እንደሚያየው። ልጄ ግን አሰልቺ ነው ብላ ሄዳለች።

ጉድለቱም አለ። የሚንሳፈፈው ክፍል ማዕበልና ነፋስ እየበጠሰው ይጠፋል፣ መርከብ ሄዶ እስኪተካው ድረስ ቦታው ባዶ ይሆናል። ካርታው ላይ የማይሠሩት በሌላ ቀለም ስለሚታዩ ቢያንስ አይደብቁም። አሜሪካ ከ2004 በፊት ስድስት ብቻ ነበሯት። ወደ 39 ያደረሰቻቸው ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱማትራ ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ ነው።

ያን ቀን እኛም ሰፈር ደርሶ ነበር፣ ብዙዎቻችን ግን አናስታውሰውም። ከሱማትራ የተነሳው ማዕበል ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዞ ሶማሊያ ደረሰ፣ ሃፉን የምትባለውን የዓሣ አጥማጆች መንደር ጠራርጎ ወሰዳት፣ በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሰባት ሰዓት። ኢንዶኔዥያ ያለቀውን ሰው ዓለም በቴሌቪዥን እያየ፣ ሃፉን ላይ ያሉት መረባቸውን እየጠገኑ ሊሆን ይችላል። ኬንያ ውስጥ ባለሥልጣናት ዜናውን ሰምተው ሰውን ከባሕር ዳር ስላስወጡ የሞተው አንድ ሰው ነው። አንድ ማዕበል፣ ጎረቤት አገር፣ ልዩነቱ አንድ መልእክት። በዚያን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። አሁን አውስትራሊያ፣ ሕንድና ኢንዶኔዥያ አብረው ይሠሩታል። ድረ ገጹ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሴ ይሄው ነው።

በዲዛይን ግን ብዙ አልወደድኩትም። መልእክቱን ስትከፍቱት ለመርከበኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ የግሪንዊች ሰዓት። ወላጅ የሚፈልገው «ልውጣ ወይስ ልቀመጥ» የሚለውን ነው፣ እሱን ለማግኘት ወደ ታች መውረድ አለባችሁ። በዚያ ላይ ሁለቱ ማዕከሎች ስለ አንዱ መንቀጥቀጥ ለየራሳቸው ክልል መልእክት ስለሚያወጡ፣ የሃዋይውን አንብቦ ሲያትል ላይ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

ሌላው ሰው የሚያማርርበት በሐሰት ደወለ የሚለው ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 2024 ሰሜን ካሊፎርኒያ ኬፕ ሜንዶሲኖ አጠገብ 7.0 ሆነ፣ ቀይ ወጣ፣ ስልክ ጮኸ፣ ሰው በመኪና ተጨናነቀ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ተሰረዘ። እኔ በዚህ ከኮከባቸው አልቀንስም። ያ ስንጥቅ ወደ ጎን ነው የተንሸራተተው፣ ወደ ጎን ሲሆን ብዙ ጊዜ ውሃን አያነሳም። ይሄ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይታወቅም፣ ዳር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያሉት እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው። እስኪጣራ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ፣ እውነት በሆነበት ቀን ማንም አይተርፍም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ወደ ካርታው የምንሻገረው፣ ምክንያቱም ለእኛ ለዋሽንግተን ሰዎች ትልቁ አደጋ ካምቻትካ አይደለም። እዚሁ ነው። ከዳርቻችን ማዶ ካስኬድያ የሚባል ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ የተዘረጋ ስንጥቅ አለ። የባሕሩ ወለል ከአህጉሩ በታች እየገባ፣ እየተጣበቀ፣ እየተወጠረ ነው። መጨረሻ የለቀቀው ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት ማታ 9 ገደማ። ሰዓቱን ሳይቀር እንዴት አወቁት? ኮፓሊስ ወንዝ ዳር ቆመው የደረቁ የዝግባ ግንዶች አሉ፣ መሬቱ በድንገት ሲሰምጥ የጨው ውሃ የገደላቸው። ብራያን አትዋተር የሚባለው ጂኦሎጂስት በታንኳ እየቀዘፈ በጭቃው ውስጥ የአሸዋውን ንጣፍ አነበበ። የዛፎቹ ቀለበት ሲቆጠር የሞቱት በ1699 መጨረሻና በ1700 መጀመሪያ መካከል ሆኖ ተገኘ። ጃፓኖች ደግሞ መንቀጥቀጥ ሳይሰማቸው የመጣባቸውን ማዕበል በጊዜው መዝግበው አስቀምጠው ነበር። ኬንጂ ሳታኬና ባልደረቦቹ የማዕበሉን ጉዞ ወደ ኋላ ቆጥረው ሰዓቱን አወጡት። እኔ ከዚህ በላይ የሚገርም የምርመራ ሥራ አላውቅም።

ያ ነገር ዛሬ ቢደገም ውቅያኖሱ ዳር ላላችሁ ማዕበሉ በአሥራ አምስት፣ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። መንቀጥቀጡ ራሱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ድረ ገጽ የምትከፍቱበት ጊዜ የለም፣ ኔትወርክም የሚኖር አይመስለኝም። በቃ፣ መሬቱ ረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያው እሱ ነው፣ እግሬ አውጪኝ ነው። ወዴት? ካርታው የሚመልሰው ይሄንን ነው።

የስቴቱ ጂኦሎጂስቶች ለብዙ የባሕር ዳር ከተሞች ውሃው የሚደርስበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና ከየሰፈሩ ወደ ከፍታ ለመድረስ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በቀለም አስቀምጠዋል። በመኪና አይደለም፣ በእግር። መንገዱ ይሰነጠቃል፣ ድልድዩ ይወድቃል፣ ያልወደቀውም በመኪና ይዘጋል ብለው ነው። ቀለሙ ከከፍታው ስትርቁ ይቀየራል። ዌስትፖርትን ከፍታችሁ የያዛችሁትን ማረፊያ ፈልጉ፣ ከዚያ ቀለሙን አንብቡ። ቀላል ነው። አያት ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ደቂቃውን አክሉበት።

ኦሽን ሾርስ ግን ያሳስበኛል። ሐበሻው የሚወደው እዚያ ነው፣ መኪና አሸዋው ላይ ስለሚነዳበት። ዝቅ ያለ ረጅም የአሸዋ ልሳን ነው፣ ከጫፉ ሆኖ ኮረብታ መድረስ በእግር የሚታሰብ አይደለም። ስሙን የማልጠራው ሞቴል ውስጥ የማምለጫው መንገድ የቱ ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ልጁ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየና «ሰማያዊ ምልክቶቹን ተከተይ» አለኝ። የትኞቹን? ከመስኮቱ የሚታየው የጀልባ ኪራይ ማስታወቂያ ነው። ማረፊያ ስትይዙ ቁርስ አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ኮንክሪት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይሳቁባችሁ።

ዌስትፖርት የተሻለ ያደረገችው ለዚህ ነው። የአካባቢው ሰው በ2013 ታክሱ ቢጨምርም ይሁን ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ኦኮስታ የሚባለውን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደገና ሠራ፤ የጂሙ ጣሪያ ከ1,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ ደረጃዎቹ በማዕዘኑ ናቸው፣ ምሰሶው ጥልቅ ነው። በ2016 ሲጠናቀቅ በአሜሪካ ለሱናሚ መሸሸጊያ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ሕንፃ ነበር። ቶክላንድ አካባቢ የሾልዋተር ቤይ ነባር ሕዝቦችም በ2022 የራሳቸውን ማማ አቁመዋል። ከፍታ ከሌለህ ከፍታ ትሠራለህ፣ አለቀ።

«እኔ ሲያትል ነኝ፣ ምን አገባኝ» የምትሉም አላችሁ። በከተማዋ ሥር የሚያልፍ ሌላ ስንጥቅ አለ። መጨረሻ በኃይል የተንቀሳቀሰው በ923 መጨረሻ ወይም በ924 መጀመሪያ ነው፤ ይሄንንም ያወቁት ተንሸራተው ሌክ ዋሽንግተን ውስጥ ከገቡ ዛፎች ነው። ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ መሬቱን በአንዴ ሰባት ሜትር አነሳው። ይሄው ስንጥቅ 7.5 ቢለቅ ምን ይሆናል ብለው በ2022 ያወጡት ሞዴል ግሬት ዊል፣ ባሕሩ ዳር ያለው ትልቁ መዝናኛ ጎማ፣ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው እስከ 42 ጫማ፣ ማለትም ወደ 13 ሜትር ሊደርስ ይችላል ይላል። ሉመን ፊልድ ስታዲየም ድረስ ይገባል። የመጀመሪያው ማዕበል ዳርቻው የሚደርሰው መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ሞዴል መሆኑን አትርሱ፣ ነገ ይሆናል አላሉም። ቪዲዮውን ግን እዩት፣ ውሃው በሰማያዊ ወደምታውቁት ጎዳና ሲገባ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል።

ኮከብ ልስጥ። ድረ ገጹ ከአምስት ሦስት ተኩል፤ ሳይንሱ አምስት፣ አቀራረቡ ሁለት። ካርታው አራት ተኩል፤ ግማሿን የቀነስኩት ካርታው ያለበትን ገጽ ለማግኘት ብዙ ማሰስ ስለሚጠይቅ ነው። የዋሽንግተን የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ገጽ ላይ ጂኦሎጂ፣ ከዚያ ሱናሚ ብላችሁ ግቡ። ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ከቤት ሳትወጡ በዋይፋይ አውርዷቸው፣ ወደ ዳርቻው ስትጠጉ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው።